ሜክሲኮ ላይ ጂፒኤሱ ማዶ ወሰደኝ፣ ቶሎ እርዱኝ!

ቪትዝ ነጂው፦ ሰላም ቤተሰብ። ሜክሲኮ ባቡሩ ሥር ቆሜያለሁ። ከልደታ ወደ ለገሃር ነው የመጣሁት። ካርታው ግን ማዶ ባለው መንገድ አስቀምጦኝ "ዙር" ይለኛል። ቀስቷም ዝም ብላ ትሽከረከራለች። ደንበኛዋ ሦስቴ ደወለች። ምን ላድርግ?

የቂርቆስ ልጅ፦ አጥፍተህ አብራው።

ቲቸር፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ አሠራሩን እወቅ። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከላያችን ናቸው። ስልክህ ቢያንስ የ4ቱን ሲግናል መያዝ አለበት። ርቀቱን የሚያሰላው ሲግናሉ በፈጀው ጊዜ ነው። በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ከተሳሳተ 300 ሜትር ይስታል። በፈረንጆቹ እስከ 2000 ድረስ ደግሞ አሜሪካኖቹ ለእኛ ለተራው ሰው ሆን ብለው ያዛቡት ነበር...

ቪትዝ ነጂው፦ ቲቸር እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ደንበኛዋ ልትሰርዘኝ ነው!

ፍቅር ያሸንፋል፦ ኔትወርክ ነው። ካርድ ሙላ።

የቂርቆስ ልጅ፦ አጥፍተህ አብራው አልኩህ እኮ።

አባ መላ፦ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ሹፌር ሆኖ ሜክሲኮን በጂፒኤስ? እኛ ጠይቀን ነበር የምንደርሰው።

ቪትዝ ነጂው፦ ጋሼ፣ መንገዱንማ አውቀዋለሁ። አፑ "አልደረስክም" ብሎ ሥራውን አላስጀምር አለኝ እንጂ።

ሚጡ፦ የኔ መኪና ናቪ እስካሁን በጃፓንኛ ነው የሚያወራው። ካርታው ላይም ያለችው ጃፓን ብቻ ናት 😂 አንተ ቢያንስ አገርህ ውስጥ ነህ።

ላዳ የነበረው፦ ስማኝ ወንድም። ባቡሩ ሰማዩን ጋርዶብሃል። የሚደርስህ ሲግናል ከፎቅ ፎቅ እየነጠረ ስለሚመጣ መንገዱ ይረዝማል፣ ስልኩም ርቀቱን ይስታል። ሜዳ ላይ ስህተቱ 5 ሜትር ገደማ ነው፣ ፎቅ መሃል ግን እጥፍ ድርብ ይሆናል። አፑ ደግሞ የመሰለው መንገድ ላይ ይለጥፍሃል። እዚያ ግራና ቀኙ በባቡሩ ምሰሶ ስለተከፈለ፣ 10 ሜትር ስትስት ሙሉ ዙር ትዞራለህ። እንዳትዞርለት! ሰማይ ወደሚታይበት ትንሽ ፈቀቅ በልና ግማሽ ደቂቃ ጠብቅ። ለልጅቷም ደውልና የቆመችበትን ሕንፃ ጠይቃት። ካርድ መሙላቱ አይፈይድም። ዳታ ለካርታው ነው፣ ሳተላይቱ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ቀስቷ ግን ሌላ ጉዳይ ናት። የስልክ መያዣህ ማግኔት ነው?

ቪትዝ ነጂው፦ እንዴት አወቅክ?!

ላዳ የነበረው፦ ማግኔቱ ኮምፓሱን ያሳብደዋል። ቆመህ ሳለ ቀስቷ የምትሽከረከረው በእሱ ነው። መንዳት ስትጀምር አፑ አቅጣጫውን ከአካሄድህ ስለሚያነብ ቀጥ ትላለች። ዛሬ ማታ ግን መያዣውን ቀይር።

ቲቸር፦ ስለ ሰዓቱ ሳልጨርስ...

ሚጡ፦ ቪትዝ ነጂው፣ ልጅቷ ተገኘች? አንድ ሰዓት ሆነህ እኮ።

የቂርቆስ ልጅ፦ አጥፍቶ እያበራ ነው።