የጋራ ሐሳባችን ከግንባታ ይጀምር ወይስ ከቀጠሮ እስረኛው? በሰሜን ሸዋ ማረሚያ ቤቶች ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

የተከበራችሁ አባላት፣ ለክልሉ ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽንና ለዞናችን የፍትሕ አካላት በጋራ የምናቀርበው ሐሳብ የመጀመሪያ ረቂቅ ደርሷችኋል። ረቂቁ የማደሪያ ክፍሎችን መጨናነቅ፣ የታራሚዎችን አያያዝና የሠራተኛ እጥረትን የሚመለከት ሲሆን፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ተጨማሪ ማደሪያ እንዲገነባ ነው። ይህ ቅደም ተከተል እንደገና ቢታይ እመርጣለሁ። በጀት ተይዞ፣ ጨረታ ወጥቶ፣ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው እስኪለብስ ድረስ፣ ዛሬ ማታ ጎኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ያጣ ሰው ምንም አያገኝም። አስተያየታችሁን በምክንያት አስደግፋችሁ እንድታቀርቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የሕግ ባለሙያ አባል፦

በጸሐፊው ሐሳብ እስማማለሁ። በማረሚያ ቤት ካሉት ሰዎች ከፊሎቹ ፍርደኞች ሳይሆኑ መዝገባቸው ያልተዘጋ የቀጠሮ እስረኞች ናቸው። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት እንዲቀርብና በዋስ የመፈታት መብት እንዲኖረው ይደነግጋል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ለምርመራ የሚሰጥ አንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ፣ ዐቃቤ ሕግም የምርመራ መዝገቡ በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ክስ እንዲያቀርብ ያዛል። ስለዚህ የምንጠይቀው አዲስ መብት አይደለም፤ በሕግ የተቀመጠው ጊዜ እንዲከበር ብቻ ነው።

በተለይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ዋስትና ተፈቅዶላቸው እያለ ያልወጡትን ሰዎች ነው። ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ ቆላ የመጣ አርሶ አደር፣ ደመወዙን አስመስክሮ ዋስ የሚሆንለት የመንግሥት ሠራተኛ ዘመድ ከሌለው፣ የዳኛው ትእዛዝ በመዝገቡ ውስጥ እንዳለ እሱ እስር ላይ ይቆያል። ማረሚያ ቤቱ፣ ዐቃቤ ሕግና ፍርድ ቤቱ በየወሩ አንድ ላይ ተቀምጠው የእነዚህን ሰዎች ዝርዝር ቢመረምሩና የዋስትናው ዓይነት ከአቅማቸው ጋር እንዲመጣጠን ለፍርድ ቤቱ ጥያቄ ቢቀርብ፣ አንድ ብሎኬት ሳይደረደር ቦታ ይለቀቃል።

ፍርደኛውን በተመለከተ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሁለት በሮች ከፍቷል። አንቀጽ 103 አደገኛ ላልሆነና ቀላል ጥፋት ለፈጸመ ሰው ከእስራት ይልቅ እስከ ስድስት ወር የሚደርስ የግዴታ ሥራ እንዲወሰን ይፈቅዳል። አንቀጽ 202 ደግሞ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰና ጠባዩን ያሻሻለ ታራሚ በአመክሮ የሚፈታበትን ሁኔታ ያስቀምጣል። ዘጠኝ ዓመት የተፈረደበት ሰው ስድስተኛው ዓመት ሲሞላ የአመክሮ ማመልከቻው ተዘጋጅቶ መጠበቅ ሲገባው፣ የመዝገብ ክፍሉ ሒሳቡን አስቀድሞ ካልሠራ ወራት ያለ ጥቅም ያልፋሉ። በአዲስ ዓመት የሚሰጠው ይቅርታ መልካም ነው፤ ነገር ግን አዲስ እስረኛ መግባቱ እስከቀጠለ ድረስ የተለቀቀው ቦታ ወዲያው ይሞላል።

በጡረታ ላይ የሚገኙ የቀድሞ የማረሚያ ፖሊስ አባል፦

ወንድማችን ያነሣው የቀጠሮ ጉዳይ ከሠራተኛ እጥረት ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ከውስጥ ያየሁትን ልናገር። ጠዋት የቀጠሮ ስም ዝርዝር ይነበባል፤ ስማቸው የተጠራው ወጥተው ይሰለፋሉ፤ አጃቢ ይመደባል። ግቢውን ከሚጠብቀው ኃይል ትልቁ ክፍል ከእነሱ ጋር ይወጣል። በቀረው ሰው ቁጥር የስፖርት ሜዳውን፣ የሥራ ክፍሉንና ክሊኒኩን በአንድ ጊዜ መክፈት ስለማይቻል በሮቹ እንደተዘጉ ይቆያሉ፤ ታራሚውም ሙሉ ቀን በተጨናነቀው ክፍል ይቀመጣል። ከሰዓት በኋላ አጃቢው ሲመለስ ከቀጠሮ ከመጡት ብዙዎቹ የሚነግሩት አንድ ነገር ነው፤ ምስክር ስላልቀረበ ወይም ዳኞቹ ስላልተሟሉ ተለዋጭ ቀጠሮ ተሰጥቷል። ያ ሁሉ ጉልበት ለአንድ መስመር ጽሑፍ ወጣ ማለት ነው።

ሕመምተኛን እንመልከት። ሆስፒታል ለተኛ አንድ ታራሚ በየፈረቃው ሁለት ጠባቂ ቢመደብና ቀኑ በሦስት ፈረቃ ቢከፈል ስድስት ሰው ያስፈልጋል። ሦስት ሕመምተኛ በአንድ ሳምንት ከተኛ አሥራ ስምንት ሰው ከግቢው ጠፋ። የጎደለውን የሚሸፍነው ቀን አጅቦ የዋለው ልጅ ነው፤ ሌሊት ማማ ላይ ይወጣል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ይቆጣል፤ ጥያቄን እንደ አመፅ ያያል፤ ትንሽ ግጭት ያከርራል። የታራሚ አያያዝ የሚበላሽበት ዋናው መንገድ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የጠባቂዎች ክፋት ነው የሚለውን ንግግር አልቀበልም።

ስለዚህ በረቂቁ መጀመሪያ ላይ እንዲገባ የምጠይቀው በማረሚያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ለጊዜ ቀጠሮ፣ ለዋስትናና ለአመክሮ ጉዳዮች ተዘዋዋሪ ችሎት በታወቀ ቀን እንዲሰየም፣ መብራትና መስመር ባለበትም ዳኛውና እስረኛው በምስል ስክሪን (በፕላዝማ) እየተያዩ እንዲታይ ነው። ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግና ተከላካይ ጠበቃ ቢመጡ ሦስትና አራት ሰው ነው የሚንቀሳቀሰው። ምስክር የሚሰማበት ክርክር ግን በተለመደው ችሎት መቆየት አለበት፤ ቤተሰብና ሕዝብ የማያየው ፍርድ እንዲለመድ አንፈልግም።

ነርስ የሆነች አባል፦

ጋሼ ያሉት የክሊኒክ በር ጉዳይ ትክክል ነው። መድኃኒት እያለ አጃቢ በመጥፋቱ ብቻ ሰው ሳይታከም ያድራል። እኔ የምጨምረው ዞናችን አንድ ዓይነት አየር እንደሌለው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ ቆላ ናት፤ ሙቀትና ወባ አለባት። ለሁለቱም አንድ ዓይነት የቁሳቁስ ዝርዝር መጻፍ ለሁለቱም አለመጻፍ ነው። ለደጋው ፍራሽና ብርድ ልብስ፣ ለቆላው አጎበርና የአየር መተላለፊያ ተብሎ ይለይ። የብርድ ልብስ ፋብሪካው እዚሁ ደብረ ብርሃን ስላለ የግዢና የማጓጓዣ ጥያቄውን ማቅለል ይቻላል። የመንዝ በግ ጸጉር ፈትለውና ሸምነው ባና፣ ማለትም ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የሚሠሩ ታራሚዎች ሲኖሩም ሥራው ለመኝታም ለገቢም ይጠቅማል።

በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ የሚያስፈራኝ ሳንባ ነቀርሳ ነው። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳትና የክብደት መቀነስ እንዳለው ከሌሎች ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ይጠየቅ። ይህን የሚጠይቅ አንድ የሠለጠነ ሰውና አክታ የሚላክበት መንገድ በቂ ነው። በደጋው ደግሞ ልብስ የሚቀቀልበት ውኃና ማገዶ ካልተመደበ ቅማልና ቅማል የሚያመጣው በሽታ አይጠፋም።

ከመንዝ የመጣ መምህር አባል፦

ብዙው ተስማምቶኛል፤ ግንባታን ጨርሶ ከረቂቁ ማውጣትን ግን እቃወማለሁ። የቀጠሮ እስረኛው ቢቀንስም ሕፃን ይዛ የታሰረች እናትና ወጣት ጥፋተኛ የሚያድሩበት የተለየ ቦታ በራሱ አይፈጠርም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል፤ በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በተባበሩት መንግሥታት የጸደቁት፣ የእስረኞችን አያያዝ የሚመለከቱት የማንዴላ ደንቦችም የቀጠሮ እስረኛ ከፍርደኛ እንዲለይ ይጠይቃሉ። እነዚሁ ደንቦች ታራሚ በተቻለ መጠን ለቤቱ ቅርብ በሆነ ቦታ እንዲያዝ ይላሉ። ከመሐል ሜዳ ወይም የጀማን ሸለቆ ተሻግሮ ከዓለም ከተማ ለጥየቃ ስንቅ ቋጥሮ የሚመጣ ቤተሰብ የመኪና ኪራይና የመኝታ ወጪ ይከፍላል፤ ዘመድ የማይጠይቀው ሰው ደግሞ መንፈሱ ይሰበራል። ስለዚህ ጥያቄያችን ጠቅላላ ማስፋፊያ ሳይሆን የእናቶችና የወጣቶች ክፍል ይሁን።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

የመምህራችንን ማስተካከያ በሙሉ እቀበላለሁ። ቅደም ተከተሉ እንግዲህ የወርኃዊ መዝገብ ምርመራና የግቢ ችሎት፣ ቀጥሎ በዚህ የሚተርፈው ጠባቂ ለክሊኒክ፣ ለሜዳና ለሥራ ክፍል እንዲመደብ፣ ከዚያም የተወሰነው ግንባታ ይሆናል። የጠባቂዎች መኖሪያና የሌሊት አበል ከሁለተኛው ጋር ይያያዝ። የምግብ በጀቱን በተመለከተ ለአንድ ታራሚ በቀን የተመደበው ብር የእህል ዋጋ ሲንር ባለበት እንዳይቆም በየሩብ ዓመቱ ከገበያው ጋር ተነጻጽሮ እንዲከለስ አንድ አንቀጽ ጨምሬያለሁ። የሕግ ባለሙያው የመጀመሪያውን ክፍል፣ እኅታችን የጤናውን፣ ጋሼ ደግሞ የአጀቡን ስሌት እስከ ቅዳሜ ጽፋችሁ ላኩልኝ።

የቀድሞ የማረሚያ ፖሊስ አባል፦

እጽፋለሁ። ስሌቱ ግን ከእኔ ትዝታ እንዳይሆን፣ የአንድ ወር የአጀብ መዝገብ ከማረሚያ ቤቱ በደብዳቤ ይጠየቅልኝ። ስንት ሰው ወጣ፣ ስንቱ በተለዋጭ ቀጠሮ ተመለሰ፣ በስንት ጠባቂ ታጀበ የሚለው እዚያ ተጽፎ ይገኛል። ደብዳቤው ሰኞ ከወጣ እኔ ራሴ ወስጄ እሰጣለሁ።