የእኩል አራሹ መሬቱን አልለቅም አለ፣ ቶሎ መልሱልኝ!

የሰኔ ልጅ፦ ቤተሰብ አስቸኳይ ነው! እናቴ አሁን ደውላ እያለቀሰች ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ መሬቱን ለጎረቤት በእኩል፣ አርሶ የእህሉን ግማሽ እንዲሰጣት፣ ሰጥታ ነበር። ዘንድሮ ልቀቅልኝ ብትለው «ስምንት ዓመት ያረስኩት የኔ ነው» አለ። ነገ ጠዋት በሬ ጠምዶ ሊገባ ነው። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ምን ላድርግ?

ጉልላት፦ የት ወረዳ? የመሬት ይዞታ ደብተሩ በማን ስም ነው? ውልስ አለ?

አንጋፋው፦ ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር አይበልጥም ተባለ። ያኔ መሸጥም ማከራየትም ተከለከለ። ከዚያ በፊት ጭሰኛው ምን ነበር ያልከኝ እንደሆነ...

ቆሎ ተማሪ፦ ጋሼ፣ ሰውየው የሚጠምደው ነገ ነው፣ እርስዎ ገና 1967 ላይ ነዎት ሃሃሃ።

የሰኔ ልጅ፦ ምሥራቅ ጎጃም ነው። ደብተሩ ላይ የአባቴም የእናቴም ስም አለ። ውል የለም፣ በቃል ነው።

ደረሰ፦ «መሬት ላራሹ» ሲባል አልነበር? አራሹ ማን ነው ታዲያ? አንተ ከተማ ቁጭ ብለህ «መሬቱን» ትላለህ። ሰውየውም ደሃ ነው፣ ላቡን አፍስሷል።

ወለላ፦ ደረሰ ተው እንጂ። ባልቴት ናት፣ በሬም ጉልበትም ስለሌላት በእኩል ሰጠች። ጥላው አልሄደች። የሰኔ ልጅ፣ ስማኝ። ደብተሩ ከእጇ እንዳይወጣ፣ «እስቲ ላየው» ብሎ የሚወስድ አይጠፋም። በጠዋት ለቀበሌው መሬት ኮሚቴ በጽሑፍ ታመልክት። የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ላይም ስሟ መኖር አለበት። ዋናው ግን ምስክር ነው። በየዓመቱ አውድማ ላይ እህሉን ሲካፈሉ ያየ ሰው ፈልጉ። የራሱን መሬት ያረሰ ሰው ለማን ብሎ ነው ግማሹን የሚሰፍረው?

ጉልላት፦ ወረዳ ፍርድ ቤት እግድ ጠይቁ። የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች በነፃ ይረዳል።

አበበች፦ ፍርድ ቤት ሄዳችሁ እግድ አውጡ።

ቆሎ ተማሪ፦ አቢቲ፣ ከላይ ተብሏል።

አንጋፋው፦ መጀመሪያ ሽማግሌ ላኩ። ዕርቅ ከወረደ ለከርሞ ውሉን በጽሑፍ አድርጋችሁ አስመዝግቡ። ስለ ጭሰኛው ግን አልጨረስኩም...

ወለላ፦ የሰኔ ልጅ፣ ሦስት ቀን ሆነህ እኮ። እናትህ እንዴት ሆነች? ጠመደ ወይስ ቆመ?