የድሮ የእንግሊዝ ወንበር መጥቶልኛል፤ ስፖንጅ ልግጠምበት?

የቦርከናው ሶፋ ሠሪ
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ሶፋ እሠራለሁ። አንድ ደንበኛዬ ከደሴ ትልቅ ባለክንድ ወንበር አምጥተው ጨርቁን ቀይርልኝ አሉኝ። አባታቸው ድሮ አዲስ አበባ ላይ ወደ አገሩ ከሚመለስ እንግሊዛዊ የገዙት ነው። ጀርባው ረጅም ነው፤ ግራና ቀኙ እንደ ክንፍ ወደ ፊት ወጥቷል። የፊት እግሮቹ ጎበጥ ብለው ይወርዱና ጫፋቸው ላይ ኳስ የጨበጠ የአሞራ ጥፍር ተቀርጾባቸዋል። መቀመጫውን ስጫነው ሞላ አለው፤ በተቀደደው በኩል ጥቁር ጸጉር ይወጣል። እንደ ልማዴ ሁሉን አውጥቼ ስፖንጅ ብገጥም ሥራው ቶሎ ያልቃል፤ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ምን ይሻላል?

ሸዋበር
ወንድሜ፣ ጠንካራውን ስፖንጅ ግጠምና አስረክብ። ያ ጸጉር አቧራና ነቀዝ ነው የሚያመጣብህ።

የደሴ ባለመዶሻ
ልጄ፣ አደራህን ስፖንጁን ተው። እኔ ወጣት ሳለሁ አዲስ አበባ የውጭ ሰዎችን ወንበር ከሚጠግን ባለሙያ ሥር ነው የተማርኩት። ይህን ሥራ እወደዋለሁና ትንሽ ላርዝም።

መጀመሪያ ገልብጠው። የሽቦ ሞላ በእንግሊዝ ወንበር የተለመደው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1830ዎቹ ወዲህ ነው። ጥፍርና ኳሱ ግን በ1700ዎቹ አጋማሽ የገነነ ቅርጽ ነው፤ በ1800ዎቹ መጨረሻ ደግሞ እንደገና ተወድዶ በብዛት ተሠርቷል። ስለዚህ ወይ ወንበሩ ኋላ የተሠራ ነው፣ ወይ አሮጌ ሆኖ ሞላ ተጨምሮበታል። የሚለየው የምስማር ቀዳዳ ነው። ጨርቁን ስታነሳ እንጨቱ ላይ ተደራርቦ የተበሳሳ ቀዳዳ ካገኘህ ብዙ ጊዜ ለብሷል ማለት ነው። ቪቴ ካለውም ፈትተህ ጫፉን እይ፤ ጫፉ የሾለ ቪቴ የተስፋፋው ከ1850 ገደማ ወዲህ ነው። በእርግጥ ቪቴም ኋላ ሊቀየር ይችላል፤ ሁሉን አንድ ላይ መዝን።

የሚታየው እግር ማሆጋኒ ወይም ዋልነት ሊሆን ይችላል፤ በጨርቅ የሚሸፈነው አጽም ግን ብዙ ጊዜ ቢች የሚባል ርካሽ እንጨት ነው። ነቀዝ የሚወደው እሱን ነው። መርምረው።

ክንፉ ለጌጥ ብቻ አይምሰልህ። የእንግሊዝ ባላባቶች ርስታቸው ላይ የሚሠሩት ቤት ጣሪያው ሩቅ፣ አዳራሹ ሰፊ ነበር፤ ሙቀት የሚገኘው ከግድግዳ ምድጃ ነው። ክንፉ ከበርና ከመስኮት የሚገባውን ነፋስ ከአንገት ይከላከላል። ጦሳ ጉም ሲለብስ ደሴ ያመሸ ሰው ይገባዋል።

አሁን ወደ ጸጉሩ። የፈረስ ጭራና ጋማ ነው። እንደ ገመድ ይገመዳል፣ ይቀቀላል፣ ይደርቃል፤ ሲፈታ እንደተጠቀለለ ይቀራል። ስትቀመጥበት መልሶ የሚያነሳህ ያ ጥቅልል ነው። ስፖንጅ ሲያረጅ ዱቄት ይሆናል፤ ይህ ግን ታጥቦ እንደገና ይገባል። ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና እጠበው፣ በደንብ አድርቀው፣ ከዚያ በእጅህ አፍታታው። ከሥሩ ያለው ማሰሪያ እንደ ጠፍር አልጋ የተጠላለፈ ነው፤ ከላላ እሱን ብቻ በአዲስ ቀይር። ሞላዎቹን በሲባጎ አንዱን ከአንዱ እሰር፣ ጆንያ አልብስ፣ ጸጉሩን መልስ፣ ላዩን ባዘቶ አንጥፍ። ዳር ዳሩን የያዘውን የረጅም መርፌ ስፌት ግን አትፍታ። ወንበሩ ቅርጹን የያዘው በዚያ ስፌት ነው፤ አንዴ ከተፈታ መልሶ የሚሰፋው ሰው ጥቂት ነው።

ፒያሳ ነኝ
ጋሼ በሚገባ ነግረውታል። እኔ የምጨምረው ማንም መጥቶ «ቺፐንዴል ነው» ቢል ዋጋ እንዳትቆርጡ ነው። ቶማስ ቺፐንዴል የተባለው ስመ ጥር እንግሊዛዊ አናጢ በ1754 የንድፍ መጽሐፉን ሲያሳትም ሌሎች አናጢዎችም ከዚያ እየቀዱ ሠርተዋል። እሱ ደግሞ ሥራው ላይ ስሙን አይጽፍም ነበር። ዮርክሻየር ውስጥ ሃሬውድ የሚባለው ቤት ያሉት ዕቃዎች የእሱ መሆናቸው የታወቀው በሒሳብ ሰነድ ነው። በ1820 ለንደን ላይ የተቋቋመው ሃዋርድ ኤንድ ሰንስ የተባለ ወንበር ሠሪ ድርጅት ግን ብዙ ጊዜ ስሙንና ቁጥር የኋላ እግር ላይ ይመታ ነበር። በባትሪ መብራት ፈልግ።

የቦርከናው ሶፋ ሠሪ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ገልብጬ አየሁት፤ ስምም ቁጥርም የለውም። የምስማር ቀዳዳው ግን ሁለት ሦስት ዙር ነው፣ ቪቴውም ጫፉ የሾለ ነው። ከጸጉሩ ትንሽ ጎድሏል፤ ከየት ላምጣ?

የደሴ ባለመዶሻ
እንግዲያው የ1800ዎቹ መጨረሻ ይመስለኛል። አብሽር፣ ለሥራህ ምንም አይለውጥም። ጸጉሩን ፈረስ ካላቸው ገበሬዎች ጠይቅ፤ ወሎ ፈረስ አይታጣም። ግን ሳትገምድና ሳትቀቅል እንዳትከተው፤ ቀጥ ያለ ጸጉር ተጋድሞ ይቀራል። አሮጌውን ጨርቅም አትጣለው፤ ለአዲሱ ልክ መቁረጫ ይሆንሃል፣ ሲያልቅም ለደንበኛህ በፌስታል አድርገህ ስጣቸው። የእግሩን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነካው፤ በለስላሳ ጨርቅ ሰም ቀባው፣ ይበቃዋል።