ሙሉ መሆኑን በምን ልወቅ?

«ደሪየር ለ ሚሯር» የምትሰበስቡ ሰዎች፣ እባካችሁ እርዱኝ። ፓሪስ ያለው የማግ ጋለሪ እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1982 ያሳተመው፣ የሠዓሊው ሚሮና የቀራጺው ካልደር ኦርጅናል ሊቶግራፎች (ድንጋይ ወይም ብረት ላይ ተስለው የሚታተሙ ሥዕሎች) ያሉበት መጽሔት ነው።

ጣጣው ወረቀቶቹ አለመሰፋታቸው ነው። ስቴፕልም የላቸውም፤ ታጥፈው ሽፋኑ ውስጥ ይገባሉ፣ በቃ። ስለዚህ አንዱ ምርጧን ሥዕል መዝዞ፣ ፍሬም አስገብቶ ለብቻዋ ይሸጣታል። የቀረውን ደግሞ «ሙሉ ነው» ብሎ ያቀርባል።

አሁን አንድ የካልደር እትም አግኝቻለሁ። ሻጩ የላከልኝ የሽፋኑንና የሁለት ሉሆችን ፎቶ ብቻ ነው። ሌላውን ስጠይቀው «አትጠራጠር» ይለኛል። ይሄማ ጭራሽ አስጠረጠረኝ!

ኦርጅናል መሆኑን በአጉሊ መነጽር አየዋለሁ፤ ነጠብጣቦቹ በሥርዓት ከተደረደሩ የፎቶ ቅጂ ነው። የጎደለ ሉህ ግን በምን ይታያል? የየእትሙን ሊቶግራፍ ብዛት የሚዘረዝር ካታሎግ ያላችሁ፣ ወይም ሻጩን የትኛውን ገጽ ፎቶ ልጠይቀው የምትሉ ካላችሁ፣ ሳልከፍል ድረሱልኝ።