«ሙዝ በግድ አይበስልም» ስላለው አባት

የመንትዮቹ እናት፦ ቅዳሜ ክርስትና ቤት ነበርኩ። ስለ ኢንሪችዱ፣ ትምህርት ቤት ለመረጣቸው ልጆች ስለሚሰጠው ጠንከር ያለ ትምህርት፣ ወሬ ተነሳና አንዱ አባት «እኛም ልጃችሁ ተመርጧል የሚለው ደብዳቤ ደርሶን ነበር፣ ይቅርብን አልናቸው፣ ሙዝ በግድ አይበስልም» ብሎ ክትፎውን ጎረሰ። ጠረጴዛው በሙሉ እውነትህን ነው አለው። እኔ ከዛን ቀን ጀምሮ እንደበገንኩ ነኝ። እዚህ ሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ እኮ ሦስተኛ ክፍል የደረሰን ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ናቸው የሚያዩት፣ ፎርም ሙሉ አላሉህ፣ ብር ክፈል አላሉህ፣ ማፕ የሚሉትን የንባብ ፈተና ውጤቱንና ማርኩን አይተው ይሄ ልጅ አራተኛና አምስተኛ ክፍልን ጠንከር ባለ ንባብና ጽሑፍ ይማር ሲሉህ አንተ ልጅህን ሙዝ ትለዋለህ???

ሸገር በሜሪላንድ፦ እውነትህን ነው ካሉት አንዱ እኔ ነኝ፣ እዚህ መጥተሽ ከምታሚን እዛው ብትናገሪ ይሻል ነበር። ሰውየው ልክ ነው። ልጁ ገና ስምንት ዓመቱ ነው። ማታ ኩሞን ማስጠኛ፣ ቅዳሜ ኳስ፣ እሁድ ፊደል፣ አሁን ደግሞ ጓደኞቹን ጥሎ በባስ ሌላ ትምህርት ቤት ይሂድ? ሲያድግ ቴራፒስት ጋ ሄዶ ስለኛ ነው የሚያወራው።

አትክልት ተራ ያደገ፦ ይቅርታ ጣልቃ ልግባና፣ ሙዝ በግድ አይበስልም ያለው ማነው? ካርባ ምንጭ አረንጓዴውን ነው በአይሱዙ ተጭኖ የሚመጣው። ቤት ተዘግቶበት በላምባ ምድጃ ጭስ ታፍኖ ነው ቢጫ የሚሆነው። ምሳሌ ስታመጡ ሙያው ያለውን ሰው ጠይቁ።

ሸገር በሜሪላንድ፦ ሃሃሃ ጣዕሙስ? ውጪው ቢጫ ውስጡ እንጨት። ጭራሽ ለኔ መሰከርክልኝ እኮ።

የመንትዮቹ እናት፦ ልጁን ጭስ ቤት አስገቡት ያለ የለም! መጽሐፍ አንብብ ነው የተባለው።

አባ መዝገበ ቃላት፦ ሁለት ነገር አደባለቃችሁ። አንደኛው ሴንተሩ ነው፣ ድሮ ሃይሊ ጊፍትድ ሴንተር ይሉት የነበረው፣ አሁን ሴንተር ፎር ኢንሪችድ ስተዲስ የሆነው፣ ለብዙዎቻችን ባስ ያለበት እሱ ነው። ሌላው ኢንሪችድ ሊትረሲ የሚሉት ነው፣ ልጁ የትም አይሄድም፣ እዛው ሰፈሩ ትምህርት ቤት በንባብ ሰዓት የሚሰጥ ነው (አሠራሩን ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያይሩት የራሳችሁን ትምህርት ቤት ጠይቁ)። ሴንተሩ ወንበሩ ጥቂት ስለሆነ ከኮቪድ ወዲህ መስፈርቱን ካለፉት መሀል በሎተሪ ነው። ስለዚህ ተመረጠልኝ የምትሉ ልጃችሁ ጎበዝም ዕድለኛም ነው፣ ቀረብኝ የምትሉም ልጃችሁ ሰነፍ ነው ማለት አይደለም።

እትዬ ቡና፦ የኔ ልጅ ጊዜ 85 ነበር የሚጠይቁት። ከመቶ 85 አምጥታ ነው እያልኩ ስንት ሰው ላይ ጉራ ነዛሁ።

አባ መዝገበ ቃላት፦ እትዬ፣ እሱ ፐርሰንታይል ነው፣ ከመቶ ልጅ 85ቱን በልጣለች ማለት ነው። እነዛ መቶ ልጆች ደግሞ የአገሩ ሁሉ ሳይሆኑ ኑሯቸው ከትምህርት ቤቷ ጋር ተቀራራቢ የሆኑ ትምህርት ቤቶች ልጆች ናቸው። ጉራው ይቀጥል።

ሸገር በሜሪላንድ፦ በዚህ ማፕ በምትሉት ፈተና ልጄ አልቅሶ ነው የመጣው፣ ግማሹን ስቻለሁ እያለ። ይሄን ልጅ ነው ኢንሪችድ የምትሉት?

አባ መዝገበ ቃላት፦ ወንድሜ ፈተናው እንደዛ ነው የተሠራው፣ በመለሰ ቁጥር ይከብደዋል፣ ሲስት ይቀልለታል። ጎበዙም ሰነፉም ግማሽ ግማሹን ስቶ ነው የሚወጣው። ልጁን ማወቅ ከፈለግክ የወደደውን መጽሐፍ ስጠውና ለምን እንደዛ ሆነ ብለህ ጠይቀው። ታሪኩን ብቻ ከተረከልህ አንድ ነገር ነው፣ ከተከራከረህ ሌላ ነው። እዛ ክፍል ቁምነገሩ ቶሎ ማንበብ አይደለም፣ ያነበቡትን ይዞ መጨቃጨቅና መጻፍ ነው። የኔዋ መጽሐፍ ትበላለች፣ አንድ ገጽ ጻፊ ስትባል ግን ሆዴን ትላለች፣ መጀመሪያው ወር ላይ በጣም ተቸግረን ነበር።

ሸገር በሜሪላንድ፦ ይኸው አመንክ። የኛ ልጆች ቤት ውስጥ መጽሐፍ የሚያነብላቸው የለም፣ ለነሱ ይከብዳቸዋል፣ አለቀ።

የመንትዮቹ እናት፦ «የኛ ልጆች» ስትል ማንን ነው? እኔ ማታ ማታ አነባለሁ።

ሸገር በሜሪላንድ፦ በጠቅላላው ነው ያልኩት።

የመንትዮቹ እናት፦ አይ፣ የኛ ነው ያልከው። ያኔ በሚኒስትሪ ስንት ከመቶ እንዳመጣህ ለሰው ሁሉ ስታወራ የኛ ልጅ አይችልም ያለህ አልነበረም።

እትዬ ቡና፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሌላ ስቴት እያለን አንዷ አስተማሪ ቤት ውስጥ አማርኛ ተዉ፣ ለንባቧ እንቅፋት ነው አለችኝ። ሰማኋት። ሁለት ዓመት በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ አወራኋት። አሁን ልጅቷ ንባቡ ላይ አንደኛ ናት፣ ከእናቴ ጋር በስልክ ስታወራ ግን «ደህና ነኝ» ብላ ስልኩን ትመልስልኛለች። ይሄንን ማን ነው ኢንሪችድ የሚለው?

አባ መዝገበ ቃላት፦ አስተማሪዋ ተሳስታለች እትዬ። በአማርኛ ብዙ ቃል ያለው ልጅ የእንግሊዝኛውን ሲያገኝ ስሙን ነው የሚለምደው፣ ነገሩን ያውቀዋል። ደግሞ ስብሰባ ስትጠሩ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ትምህርት ቤቱ በፌዴራል ሕግ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጁ ራሱ ስለራሱ እየተረጎመ «ጎበዝ ነው አሉ» ሲላችሁ አትመኑ።

አትክልት ተራ ያደገ፦ ወደ ሙዙ እንመለስና፣ ጭስ ያልነካው ሙዝም እኮ ዛፉ ላይ ብቻ ተትቶ አይደለም የሚበላው። ዛፉ ላይ ከቆየ ይሰነጠቃል፣ ወፍ ይበላዋል።

ሸገር በሜሪላንድ፦ አንተ ልጅ አለህ?

አትክልት ተራ ያደገ፦ የለኝም። ሙዝ ነው የማውቀው።

ክትፎ በላተኛው፦ ሰላም፣ ክትፎውን የጎረስኩት እኔ ነኝ፣ ሚስቴ ናት ይሄን ወሬያችሁን የላከችልኝ። እኔ ሌሊት ነው የምሠራው፣ እሷ ነርሲንግ ሆም ደብል ትገባለች። የሴንተሩን ባስ ባየሁት ሰዓት የሚሸኝም የሚቀበልም የለንም። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ይሄን ሁሉ ሰው ክርስትና ላይ ከምዘረዝር ሙዝ ብዬ ተገላገልኩ።

የመንትዮቹ እናት፦ ታዲያ እንደዛ አትልም ነበር? የሰው ልጅ ሲመጣ ሲሄድ የሚቀበል ሰፈር ሙሉ ሐበሻ አለ እኮ።

ክትፎ በላተኛው፦ እህቴ በየቀኑ? ለሁለት ዓመት? አንቺ ትቀበይልኛለሽ?

የመንትዮቹ እናት፦ እሱን እንነጋገራለን። እኔ የተናደድኩት ሌላም ነገር አለ። ለኛም ደብዳቤው መጥቷል፣ ለአንዷ ብቻ። የሌላዋ የማፕ ውጤት መስፈርቱ ላይ አልደረሰም። ሁለቱም አንድ ማህፀን ውስጥ ያደሩ፣ አንድ አልጋ ላይ የሚያነቡ ናቸው። አንተ እንደዋዛ ይቅርብን ስትል...

እትዬ ቡና፦ ውይ ልጄን።

ሸገር በሜሪላንድ፦ እኔ ብሆን ሁለቱንም አልልክም።

አባ መዝገበ ቃላት፦ እና ያለፈችው በእህቷ ማፕ ትቀጣ? የቀረችውስ የእህቷን ወንበር አንቺ ነሽ ያስቀረሽባት ሲሏት ነው የምትኖረው? ለመሆኑ የትኛዋ ናት ያለፈችው?

የመንትዮቹ እናት፦ አልነግራችሁም። ለነሱም ገና አልነገርኳቸውም።