የሲክ ሠርግ ተጠርቻለሁ፤ ምን ማወቅ አለብኝ?

ጠያቂ፦ ሹፌሩ ከስቶክተን

ሰላም ወገኖች። ካሊፎርኒያ፣ ስቶክተን ነው የምኖረው። ትራክ እነዳለሁ። አለቃዬ የፑንጃብ ሰው ነው፤ ጥምጥም የሚያስር፣ ጢሙን መቀስ የማያስነካ ሲክ። ክፉ ቀን ላይ የቆመልኝ ሰው ነው። ባለቤቴ ምጥ ላይ እያለች «ሎዱን ሌላ ሰው ይወስደዋል፣ አንተ ከእሷ አትለይ» ብሎ ደመወዜን ሳይቆርጥ ሰጥቶኛል።

አሁን ሴት ልጁን ሊድር ነው፤ እኔንም ባለቤቴንም ጠርቶናል። ሥርዓቱ ጠዋት ጉርድዋራቸው፣ ማለትም ቤተ ጸሎታቸው ውስጥ ነው። ማታ ደግሞ አዳራሽ ግብዣ አለ። አክብሮ ጠርቶኝ ሳላውቅ የሚያስቀይም ነገር ማድረግ አልፈልግም። ስለዚህ የምታውቁ እርዱኝ፦ እምነታቸው ምንድን ነው? ከሂንዱ ነው ከእስልምና የወጣው? ምን ለብሰን እንሂድ? መጽሐፋቸው ፊት ሲሰግዱ በቪዲዮ አይቻለሁ፤ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ መስገድ ይጠበቅብኛል? ቀኑ የሚውለው ዐቢይ ጾም ላይ ነው፤ ምግቡን እንዴት ላድርገው? ጩቤ የሚታጠቁትስ ለምንድን ነው?

የሳውዝሆል እናት፦

ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለህ። እኔ ለንደን፣ ሳውዝሆል ነው የምኖረው። ጎረቤቶቼ በሙሉ ሲኮች ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ሠርጋቸውም ለቅሷቸውም ላይ ተገኝቻለሁ።

ከአለባበሱ ልጀምር። ጉርድዋራ የሚገባ ሰው ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ ራሱን ይሸፍናል። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ እጅ ይታጠባሉ። ለአንተ በሩ አጠገብ በሣጥን የተቀመጡ ብርቱካንማ ጨርቆች ታገኛለህ፤ አንዱን አንስተህ ከኋላ ታስረዋለህ። ኮፍያ ግን አይሆንም። ለባለቤትህ ነጠላዋ ይበቃታል። መሬት ላይ ስለምትቀመጡ ጠባብ ሱሪም አጭር ቀሚስም ያስቸግራል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የሀበሻ ቀሚሳችን ነጭ ነው። በፑንጃቦች ዘንድ ነጭ የሐዘን ቀለም ነው፣ ሠርጋቸው ደግሞ ቀይ፣ ሮዝ፣ ወርቅማ ነው። የሚቆጣችሁ የለም፤ ቢሆንም ባለቀለም ቀሚስ ካላት እሱን ትልበስ፣ ወይ ጥበቡ ሰፊና ደማቅ የሆነውን።

ሲጋራ፣ ሺሻ፣ መጠጥ፣ ጫት የሚባል ነገር ወደ ግቢው ይዞ መግባት ነውር ነው። ኪስህ ውስጥ ሲጋራ ካለ ትራኩ ውስጥ ተወው። ስትቀመጥ ደግሞ እግርህን ወደ መጽሐፉ አቅጣጫ አትዘርጋ። ጉልበትህን የሚያምህ ከሆነ ከኋላ ግድግዳ ተደግፈህ ተቀመጥ፤ ብዙ ጉርድዋራዎች ለአረጋውያን ወንበር አላቸው።

ፓቲያላ የተማረው፦

ወንድሜ፣ እኔ ማስተርሴን የሠራሁት ህንድ አገር፣ ፑንጃብ ውስጥ፣ ፓቲያላ ነው። የእምነቱን ነገር እኔ ልሞክር።

ሲክ የሂንዱ ክፍልፋይም የእስልምና ቅርንጫፍም አይደለም። ራሱን የቻለ ሃይማኖት ነው። መሥራቹ ጉሩ ናናክ (ጉሩ ማለት መምህር ነው) በ1469 እ.ኤ.አ. ተወለደ፤ የተወለደበት ቦታ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ናንካና ሳሂብ ይባላል። ያደገው ሂንዱና ሙስሊም ጎን ለጎን በሚኖሩበት አገር ነው። በባህላቸው እንደሚተረከው ወንዝ ለመታጠብ ወርዶ ለ3 ቀን ጠፋ፤ ሲመለስ የመጀመሪያ ቃሉ «ሂንዱ የለም፣ ሙስሊምም የለም» የሚል ነበር። በእግዚአብሔር ፊት ሰው በዚያ አይለይም ማለቱ ነው።

ትምህርቱ ይሄ ነው፦ እግዚአብሔር አንድ ነው፣ መልክ የለውም፣ አይወለድም፣ አይሞትም፣ በሁሉም ውስጥ አለ። ምስል አያቆሙለትም። ነፍስ ደጋግማ ትወለዳለች ብለው ያምናሉ፤ ከዚህ ዑደት የምትወጣው በእግዚአብሔር ጸጋ ነው ይላሉ። ሰውን ከእሱ የሚያርቁት 5 «ሌቦች» አሉ፦ ሴሰኝነት፣ ቁጣ፣ ስስት፣ ከልክ ያለፈ ቁርኝትና ትዕቢት። ዓለምን ጥሎ መመነንን አያበረታቱም። አግባ፣ ውለድ፣ ሥራ ነው የሚሉት። ኑሯቸውን የሚያቆሙት በ3 ነገር ነው፦ የእግዚአብሔርን ስም ማሰብ፣ በላብ ሠርቶ ማደር፣ ያገኙትን አካፍሎ መብላት። አለቃህ በምጡ ቀን ያደረገልህን ከዚህ ለይተህ አትየው።

ከናናክ በኋላ 9 ጉሩዎች ተከታትለዋል። አምስተኛው ጉሩ አርጃን መዝሙሮቹን በ1604 ሰብስቦ መጽሐፍ አደረጋቸው። በሚቀጥሉት 2 ዓመታት ውስጥ አገሩን ይገዙ በነበሩት ሙስሊም ነገሥታት፣ በሞጉሎች እጅ፣ ላሆር ላይ ተገደለ። ዘጠነኛው ጉሩ ቴግ ባሃዱር ደግሞ በ1675 ዴልሂ ላይ አንገቱ ተቀላ። ሲኮች የሚያስታውሱት ለራሱ ሃይማኖት ብቻ ብሎ አይደለም፤ የካሽሚር ሂንዱዎች በግድ እንዳይሰልሙ ቆሞ ነው የሞተው ይላሉ። ይሄ ታሪክ ሲነገር ሰምቼ ነው ስለ ሲኮች ያለኝ አመለካከት የተለወጠው።

አሁን ወደ ጩቤው። የቴግ ባሃዱር ልጅ አሥረኛው ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ በ1699፣ በቫይሳኪ በዓል ቀን፣ አናንድፑር ላይ ሕዝቡን ሰበሰበ። ሰይፉን መዝዞ «ራሱን የሚሰጠኝ ማነው?» አለ። ጸጥ አለ። አንድ ሰው ተነሣ። ጉሩው ወደ ድንኳን ይዞት ገባና ሰይፉ ደም እየተንጠባጠበ ብቻውን ወጣ። እንደገና ጠየቀ። 5 ሰው እስኪሞላ እንዲሁ ሆነ። መጨረሻ ላይ አምስቱም በሕይወት ወጡ፤ የመጡት ከተለያየ አገርና ከተለያየ ዘር (ህንድ ውስጥ ሰው በትውልዱ ከሚመደብበት ደረጃ) ነበር፣ ዝቅ ተደርገው የሚታዩም ነበሩባቸው። በሰይፍ የተማሰለ ጣፋጭ ውሃ አጠጥቶ ኻልሳ የሚባለውን ማኅበር በእነሱ ጀመረ። እኔን በጣም የሚገርመኝ ቀጥሎ ያደረገው ነው፦ ተንበርክኮ እነሱ ራሱን እንዲያጠጡት ለመናቸው።

ከዚያ ወዲህ ኻልሳ የሚገባ ሰው 5 ነገር ከራሱ አይለይም። ያልተቆረጠ ፀጉር፣ የእንጨት ማበጠሪያ፣ የብረት አምባር፣ የተለየ የውስጥ ቁምጣ፣ ኪርፓን የሚባለው ጩቤ። ኪርፓኑ ጥቃት የሚደርስበትን ለመከላከል የገቡት ቃል ኪዳን ምልክት ነው እንጂ ለጠብ የሚመዘዝ አይደለም። ጥምጥሙ ያን ፀጉር የሚሸፍን አክሊላቸው ነውና በቀልድም ቢሆን አትንካው። ወንዶች ሲንግ፣ ሴቶች ካውር የሚል ስም ይጨምራሉ፤ የዘር ስምን ለመተው የመጣ ልማድ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ዘር መቁጠሩ በኑሮ ውስጥ ጨርሶ አልጠፋም። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ጋዜጣ ላይ የሚወጡ የጋብቻ ማስታወቂያዎች ዘር ይጠቅሱ ነበር። ሁሉም ሲክ ኻልሳ ውስጥ የገባ እንዳይመስልህ፤ ፀጉሩን የሚቆርጥም ብዙ አለ።

ሹፌሩ ከስቶክተን፦

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አምባሩን በየቀኑ እጁ ላይ አያለሁ፤ ጌጥ ይመስለኝ ነበር። የስግደቱን ነገር የሚነግረኝ አለ?

ፓቲያላ የተማረው፦

ጎቢንድ ሲንግ በ1708 ከመሞቱ በፊት ከእኔ በኋላ ጉሩአችሁ መጽሐፉ ነው ብሎ ሰው መተካቱን ዘጋው። ስለዚህ ጉሩ ግራንት ሳሂብን እንደ ሕያው መምህር ነው የሚያከብሩት። 1,430 ገጽ አለው። ውስጡ የጉሩዎቹ መዝሙሮች ብቻ አይደሉም፤ ሙስሊሙ ሼኽ ፋሪድ አለ፣ ሸማኔው ካቢር አለ፣ ጫማ ሰፊው ራቪዳስ አለ።

አምሪትሳር፣ ዋናው ጉርድዋራቸው ወርቃማው ቤተ መቅደስ ሄጄ ማታውን አይቻለሁ። መጽሐፉን በጨርቅ ሸፍነው፣ በአበባ ባጌጠ ቃሬዛ ተሸክመው ወደ ማደሪያው ይወስዱታል። ሰው ትከሻውን ለማስገባት ይጋፋል። ሌሊቱ ሊነጋ ሲል መልሰው ያመጡታል። ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ ከፍ ባለ መድረክ ላይ፣ ከላዩ እንደ ጥላ ከተዘረጋ ጨርቅ በታች ተቀምጦ፣ አንድ ሰው ጭራ ሲያወዛውዝበት ብታይ ለንጉሥ የሚደረግ ክብር ነው።

የዲሲው አገልጋይ፦

ወንድማችን፣ እንግዳ እንዲሰግድ አያስገድዱም። ገብተህ ራስህን ዝቅ አድርገህ እጅ ነሥተህ ተቀመጥ፤ ይሄ ለሰው ቤት የሚደረግ አክብሮት ነው። ሁሉም ለጸሎት ሲቆም ቁም፤ ሲቀመጥ ተቀመጥ። በልብህ የራስህን ጸሎት አድርስ።

በስተመጨረሻ ካራ ፕርሻድ የሚባል ነገር እየዞሩ ያድላሉ። ከዱቄት፣ ከቅቤና ከስኳር ይሠራል፤ እንደ ገንፎ የለሰለሰ ትኩስ ነገር ነው። የተጸለየበት ስለሆነ መቀበል አለመቀበሉን ከነፍስ አባትህ ጋር ተነጋገርበት። ያም ሆነ ይህ ቅቤ አለበት፣ ለጾም አይሆንም። ሲደርስህ ሁለት እጅህን ገጥመህ ጎንበስ ብትል ይገባቸዋል። ተቀብሎ መጣል ግን በጣም ያስቀይማል።

ጾምህን ለአለቃህ አስቀድመህ ንገረው። ሲኮች ጾምን እንደ ጽድቅ አይቆጥሩትም፤ ጉሩ ናናክ ሆድን ከማስራብ ልብን መግራት ይሻላል ባይ ነበር። ሳይነገረው ምግቡን ከተውክ የተጠየፍክ ሊመስለው ይችላል።

የጀበል አሊዋ፦

ስለ ምግቡ እኔ ልንገርህ ወንድሜ። ዱባይ ጀበል አሊ በ2012 የተከፈተ ትልቅ ጉርድዋራ አለ። ሥራ አጥቼ በነበረ ጊዜ አንዲት ጓደኛዬ ይዛኝ ሄደች። ማን እንደሆንኩ፣ ምን እንደማምን የጠየቀኝ የለም። መሬት ላይ በረድፍ ተቀመጥን። ከጎኔ ሽቶው ከሩቅ የሚሸት፣ ውድ ሰዓት ያሰረ ሰው ተቀምጧል፤ በሌላ በኩል የግንባታ ሠራተኞች ከነቱታቸው። አንድ ሽማግሌ ቂጣ ይዞ መጣ። እጄን ዘርግቼ ላነሣ ስል ሁለት መዳፌን አስገጥሞ አስቀመጠልኝ።

ይሄ ላንጋር ይባላል። ከጉሩ ናናክ ጊዜ ጀምሮ አለ። በህንድ ዝቅተኛ ከሚባል ሰው ጋር አብሮ መብላት ነውር በነበረበት ዘመን፣ ንጉሡም ጠራጊውም አንድ ምንጣፍ ላይ ይብሉ ብለው ነው የጀመሩት። የሞጉሉ ንጉሥ አፄ አክባር እንኳ ሦስተኛውን ጉሩ ለማግኘት መጀመሪያ መሬት ተቀምጦ መብላት ነበረበት ብለው ይተርካሉ። አምሪትሳር ላይ በየቀኑ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በነጻ ይበላል። ከማብሰል እስከ ሳህን ማጠብ ያለውን ሥራ ከሞላ ጎደል በጎ ፈቃደኞች ናቸው የሚሠሩት። ሴቫ ይሉታል። እኔም ከበላሁ በኋላ ሳህን አጥቤያለሁ፤ በፊት ለፊቴ የምታጥበው ሴት ሐኪም ነበረች።

ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል የለበትም። ግን አትዘናጋ። ምስሩ በቅቤ ይቁላላል፣ ቂጣው ላይ ቅቤ ይቀባል፣ ሩዙ ጣፋጭ ከሆነ ወተት አለበት፣ ሻዩም የወተት ነው። ያልተቀባ ቂጣ፣ ሰላጣና በዘይት የተሠራ አትክልት ካለ ጠይቅ፤ ደስ ብሏቸው ይሰጡሃል። ፓኮራ የሚሉት በሽምብራ ዱቄት ተለውሶ በዘይት የሚጠበሰው አትክልት ብዙውን ጊዜ የጾም ነው። የምትችለውን ያህል ብቻ አስጨምር፤ ሳህን ላይ ማስተረፍ አይወዱም።

የታሪክ ወዳጅ፦

ስቶክተን ያለው ጉርድዋራ በ1912 የተመሠረተ፣ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነው። በአቅራቢያችንም ያለ ታሪክ ልጨምር። በ1941 ከረን ላይ ከጣልያን ጋር በተዋጋው የእንግሊዝ ሠራዊት ውስጥ ሲኮች ነበሩ። እዚያ የወደቁት ሥጋቸው እንደ ሥርዓታቸው ተቃጥሏል፤ ለሂንዱና ለሲክ ወታደሮች የቆመ መታሰቢያ ከረን መቃብር አጠገብ አለ።

ሌላም ነገር አለ። በሴፕቴምበር 2001 ከኒውዮርኩ ጥቃት በ4ኛው ቀን አሪዞና ውስጥ ባልቢር ሲንግ ሶዲ የተባለ ነዳጅ ማደያ ያለው ሲክ በጥምጥሙ ምክንያት ሙስሊም መስሎት በመጣ ሰው ተገድሏል። ከወገኖቻችን አንዳንዶቹ ጥምጥም ሲያዩ በመሰላቸው ስም ሲጠሯቸው እሰማለሁ። እባካችሁ ይቅር።

ሹፌሩ ከስቶክተን፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጀበል አሊዋ፣ የጻፍሽውን ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ ሳህን ሳላጥብ አልመለስም ብላለች። የቀረኝ ስጦታው ነው። ሥርዓቱስ ምን ያህል ይቆያል? ሕፃን ይዘን ነው የምንሄደው።

የሳውዝሆል እናት፦

ሕፃን ቢያለቅስ ማንም አይከፋውም፤ ይዛችሁ ውጡና ተመለሱ። ሥርዓቱ አናንድ ካራጅ ይባላል፤ አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ነው። አባትየው የሙሽራውን ሻሽ ጫፍ ለልጁ ያስይዛታል። ያን ጊዜ አለቃህን ታየዋለህ፤ ብዙ አባቶች እዚያ ላይ እንባቸው ይመጣል። ከዚያ 4 ስንኝ በየተራ ይነበባል፣ በሃርሞኒየምና ታብላ በሚባለው ከበሮ ይዘመራል፤ በያንዳንዱ ሙሽሮቹ መጽሐፉን አንዴ ይዞራሉ። አራተኛው ዙር ሲያልቅ ተጋብተዋል።

ስጦታው ገንዘብ ቢሆን ይመረጣል። ድፍን ቁጥር አታድርገው፤ 50 ከሆነ 51፣ 100 ከሆነ 101 ነው ልማዱ። ፖስታውን ጠዋት ሳይሆን ማታ ግብዣው ላይ ስጥ። ጠዋት ሰው መጽሐፉ ፊት ሳንቲም ሲያስቀምጥ ብታይ ለላንጋሩ የሚሆን መዋጮ ነው፤ ግዴታ የለብህም። ማታ መጠጥም ጭፈራም ሊኖር ይችላል፤ እንደየቤተሰቡ ነው።

አለቃህን ሁለት እጅህን ገጥመህ «ሳት ስሪ አካል» በለው፤ ሰላምታቸው ነው። ከሥርዓቱ በፊት ደግሞ ሁለቱ ቤተሰቦች በር ላይ የአበባ ጉንጉን እየተለዋወጡ የሚተቃቀፉበት ሚልኒ የሚባል አለ። እሱ እንዳያመልጣችሁ ካርዱ ላይ ከተጻፈው ሰዓት ቀደም ብላችሁ ድረሱ።