የጋራ ፕሮጀክት ሐሳብ፦ ከችግኝ ማከፋፈል በፊት ጤነኛ እናት ዛፍ

የረቂቁ አዘጋጅ፦
የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፣ በተሰጠኝ ኃላፊነት መሠረት የጋራ ፕሮጀክት ሐሳባችንን ረቂቅ ለውይይት አቅርቤአለሁ። የመጀመሪያው ረቂቅ ዋና ሥራ የብርቱካን፣ የመንደሪንና የሎሚ ችግኝ ገዝቶ ማከፋፈል ነበር። አሁን ግን ይህን ወደ ሁለተኛው ዓመት ገፍተን፣ የመጀመሪያውን ዓመት ከበሽታ ነጻ የሆኑ እናት ዛፎችን፣ ማለትም ለማዳቀያ የሚሆን እምቡጥ (ዓይን) የሚቆረጥባቸውን ዛፎች፣ ነፍሳት በማያስገባ የመረብ ቤት ውስጥ ለማቋቋም እንድናውለው አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ምክንያቴ ግሪኒንግ የሚባለው የሲትረስ (የብርቱካን፣ የመንደሪንና የሎሚ ወገን) በሽታ ነው። በባክቴሪያ የሚመጣው ይህ በሽታ እስካሁን የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በፍሎሪዳ ከታየ ወዲህ፣ አውሎ ነፋሱም ተጨምሮበት፣ የግዛቲቱ የብርቱካን ምርት ከ90 በመቶ በላይ ወርዷል። ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚያደርሰው ሲሊድ የሚባል ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚረዝም ነፍሳት ነው፤ ይሁን እንጂ እኛም በእጃችን እናሰራጨዋለን። የታመመ ዛፍ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ምንም ምልክት ላያሳይ ስለሚችል፣ ከእንዲህ ያለው ዛፍ ዓይን ቆርጠን በሌላ ግንድ ላይ ስናዳቅል በሽታውን ከችግኙ ጋር አብረን አከፋፈልን ማለት ነው።

አንድ አባል፦
የአዘጋጁን ሥጋት እጋራለሁ። ነገር ግን አብዛኞቹ የሲትረስ ቫይረሶች በዘር የማይተላለፉ ከሆነ፣ የመረብ ቤት ከመሥራት ይልቅ ሁሉንም ከዘር ብናበቅል ወጪው አይቀንስም ወይ? ከአንድ የብርቱካን ፍሬ ዘር ሁለትና ሦስት ቡቃያ ሲወጣ፣ ብዙዎቹም እናታቸውን ሲመስሉ አይቻለሁ።

የረቂቁ አዘጋጅ፦
ያዩት እውነት ነው፤ እነዚያ ቡቃያዎች ያለ አባት ከእናቲቱ ሕብረ ሕዋስ የሚወጡ በመሆናቸው የእናታቸው ግልባጭ ናቸው። ፖሜሎ የሚባለው ትልቅ ፍሬ ያለው ሲትረስና ትርንጎ ግን ከአንድ ዘር አንድ ቡቃያ ብቻ ስለሚሰጡ ልጁ ከወላጁ ይለያል። ከዘር የበቀለ ዛፍ ደግሞ እሾሃም ይሆናል፣ ፍሬ ለመስጠትም ብዙ ዓመት ይፈጃል። እንብርት ያለው ብርቱካን ጭራሹን ዘር የለውም፤ ኤላይዛ ቲቤትስ የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1873 በካሊፎርኒያ ሪቨርሳይድ ከተከለቻቸው ሁለት ችግኞች ተነሥቶ የተስፋፋው በማዳቀል ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱ ዛፍ ዛሬም በሕይወት አለ፤ ከሲሊድ ለመጠበቅም ዙሪያውን ተሸፍኗል። እኛ የምናስበው የመረብ ቤትም ሥራው ይኸው ነው። ዘሩን ለመሠረተ ግንድ፣ ማለትም ዓይኑ ለሚዳቀልበት ባለ ሥር ግንድ፣ እናውለው፤ እዚያ መመሳሰሉ በእጅጉ ይጠቅመናል።

የችግኝ ሥራ ተጠሪ፦
መሠረተ ግንድ ከተነሣ ዘንዳ፣ በረቂቁ «ኮምጣጣ ብርቱካን ብቻ» የሚለው ሐረግ ሊወጣ ይገባል። ኮምጣጣ ብርቱካን የሥር መበስበስን በደንብ የሚቋቋም ቢሆንም፣ ትሪስቴዛ የተባለው ቫይረስ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ በአርጀንቲናና በብራዚል በዚሁ ግንድ ላይ የተዳቀሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዛፎችን አድርቋል። ባለ ሦስት ቅጠሉ ብርቱካን ቫይረሱን ይቋቋማል፤ ኖራ የበዛበት አፈር ግን አይስማማውም። ስለዚህ ግንዱን የምንመርጠው የአባላት አፈር ከተመረመረ በኋላ ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር። በራሴ ማሳ ከተዳቀለበት ቦታ በታች የወጣውን ቀንበጥ በጊዜው ባለመቁረጤ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ መንደሪኑ ከስሞ የቀረልኝ መሠረተ ግንዱ ብቻ ነበር። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ ሲወጣ ማወቅ ነበረብኝ። ይህ በሥልጠናው ይካተት።

የሥልጠና ተጠሪ፦
ይካተታል። ከዚሁ ጋር ቅጠልን በብርሃን ፊት ይዞ ማየትን እናስተምር፦ የዚንክ እጥረት ሲሆን ቢጫው በመካከለኛው ጅማት ግራና ቀኝ ተመሳሳይ ሆኖ ይታያል፤ በግሪኒንግ ግን አንዱ ወገን ከሌላው አይገጥምም። ይህ የሚያስጠረጥር እንጂ የሚያረጋግጥ ምልክት አይደለም፤ የሚያረጋግጠው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው።

የረቂቁ አዘጋጅ፦
የሁላችሁንም ሐሳብ ተቀብዬ አንቀጹን እንደሚከተለው አስተካክያለሁ፦ «ማኅበሩ በመጀመሪያው ዓመት ድርብ በር ባለው የመረብ ቤት ውስጥ በላቦራቶሪ ተመርምረው ጤንነታቸው የተረጋገጠ እናት ዛፎችን ይተክላል፤ ዛፎቹ በየዓመቱ ዳግመኛ ይመረመራሉ፤ ለማዳቀያ የሚቆረጥ እያንዳንዱ ዓይን ከየትኛው ዛፍና በየትኛው ቀን እንደተወሰደ ይመዘገባል፤ የመሠረተ ግንድ ምርጫ በአፈር ምርመራ ውጤት ይወሰናል።» የበጀት ተጠሪያችን የየዓመቱን የምርመራ ወጪ እንደ አንድ ጊዜ ግዢ ሳይሆን እንደ ቋሚ ወጪ እንዲይዙልን እጠይቃለሁ፤ ምርመራው ከተቋረጠ መረቡ ብቻውን የዛፎቹን ጤንነት ሊያረጋግጥልን አይችልም።